ከመኪናው ቀንሱ፣ ከአስጎብኚው አትቀንሱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። አዳማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምንሠራ ስድስት ሴቶች ነን። ዓምድዎን እያነበብን ወፍ የማየት ፍቅር ስለያዘን ለጉዞ ብለን እቁብ ጀምረናል። ሐሳባችን ባሌ ተራሮች ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ያቀረበልን ዋጋ ግን ከእቁባችን በእጥፍ ይበልጣል፤ ዝርዝሩን አብረን ልከንልዎታል። ገንዘባችን ለደኑና ለአካባቢው ሰው እንዲደርስ እንፈልጋለን፤ ወጪ ስንቀንስ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ እንዳይሆን ሰጋን። ምን ይሻለናል?
ነርስ ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እቁባችሁ ይበቃል። ዝርዝሩን መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የወሰደው መኪናው ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እናንተን አዳማ ላይ ጭኖ አምስት ቀን አብሯችሁ የሚከርም ላንድክሩዘር፣ ከነነዳጁና ከነሾፌሩ አበል። ቀጥሎ የከተማ ሆቴል አለ። የአካባቢው አስጎብኚ የተጻፈው ከታች፣ «ውሃና ልዩ ልዩ» ከሚለው አንድ መስመር ከፍ ብሎ ነው፤ የቀን ክፍያው ከሾፌሩ አበል ያንሳል። ወፏን የሚያገኝላችሁ ግን እሱ ነው። ስለዚህ ስትቀንሱ ከላይ ጀምራችሁ ቀንሱ፤ የእሱን መስመር እንዳትነኩት።

ከአዳማ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ አድርጎ ወደ ሮቤ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዙ። ሮቤ ድረስ አትሂዱ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ዲንሾ ላይ ውረዱ። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። መታወቂያችሁን አትርሱ፤ የኢትዮጵያዊ መግቢያ ከውጭ ዜጋው ያነሰ ነው። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ፣ ፈረስ አከራዮቹም እንዲሁ። ዋጋውን ብር በብር አልጽፍላችሁም፤ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ገብቶ እስኪወጣ ሊቀየር ይችላል። ቀድማችሁ ደውሉ፤ በዚያው ስለ መንገዱ ሁኔታም ጠይቁ። ለስድስት ሰው ሁለት አስጎብኚ ያዙ። አንድ ይበቃል የሚላችሁ ይኖራል፤ አይበቃም። ስድስት ሰው በጠባብ መንገድ ተሰልፎ ሲሄድ ኋለኛዋ የምታየው የፊተኛዋን ጀርባ ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት ገንዘቤን ከፍዬ ነው። ከዓመታት በፊት በድርጅት መኪና ሄጄ ነበር። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ግን በአራት ቀን ስድስት ቦታ እንዲያዳርሰን ታዟል። 71 ዓይነት ወፍ በደብተሬ ላይ ምልክት አድርጌ ተመለስኩ። ዛሬ ያንን ደብተር ስገልጠው ከሰባ አንዱ የአንዷ ድምፅ እንኳ አይመጣልኝም። ትዝ የሚለኝ የመኪናው መስኮት ነው።

ሁለተኛውን ጉዞዬን በኅዳር በአውቶቡስ ሄድኩና ሦስት ቀን ከዲንሾ አልተነቃነቅኩም። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ከእግሬ ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። አስጎብኚዬ ከሃያዎቹ መጀመሪያ ያላለፈ ልጅ ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከፊቴ ይሄዳል። ኮሶዎቹ ሥር ስንደርስ ድንገት ቆመና እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ለእኔ ከራሴ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም። እሱ ወደ አንድ የአምጃ ቁጥቋጦ ጣቱን ቀሰረ። ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ እንደ ዋሽንት የጠራ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ዜማ። ከማዶ ሌላዋ ተቀበለች፤ ልክ እንደ ቅኔ ማኅሌት በግራና በቀኝ። ፈረንጆች አቢሲኒያን ካትበርድ የሚሏት፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኝ ወፍ ናት። ስትታይ ምንም አትመስልም፤ አመድማ ናት፣ ከጭራዋ ሥር ብቻ የሸክላ ቀለም አላት። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆምን። ልጁ በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ይህቺኛዋ የትናንቷ ናት፤ ያቺኛዋ ግን አዲስ ናት» አለኝ። የትኛው የከተማ ድርጅት ነው ይህን የሚያውቀው?

ከሰዓት በኋላ ጉጉት የምትተኛበትን ዛፍ አሳየኝ። በጥድ ቅርንጫፍ ላይ ግንዱን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና። ያለ እሱ ከሥሯ አሥር ጊዜ ባልፍ አላያትም ነበር። ይህ የልጁ ሀብት ስለሆነ ዛፉ የት እንዳለ አልጽፍም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በስልክ የተቀዳ የወፍ ድምፅ እያጫወታችሁ ወፍ አትጥሩ። ወንዱ ወፍ ባላጋራ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ይወጣል፤ በብርድ አገር እንዲያ የባከነ ጉልበት ቶሎ አይተካም። አስጎብኚው ጉርሻ አገኝ ብሎ ላጫውት ቢላችሁ እንኳ እምቢ በሉት፤ ጉርሻውን ግን ስጡት።

ሁለተኛውን ቀን ለጋይሳይ ሜዳ ስጡት፤ በእግር ይደረሳል። የደጋ አጋዘን በመንጋ የሚሰማራበት ነው። እናንተ ግን ዓይናችሁን ከአጋዘኑ ወደ ሣሩ መልሱ፤ ጉሮሮዋ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች የምትመስል ወፍ ታገኛላችሁ። እሷም የእኛው ብቻ ናት። እርጥብ ቦታ ላይ ደግሞ ሩዤ የሚሏት ቡናማ ወፍ አለች፤ ሰው አትፈራም፣ እንደ ቤት ዶሮ እየተንጎራደደች ጭራዋን ብድግ ባደረገች ቁጥር ከሥሩ ያለው ነጭ ይታያል። ከዚህች ጋር አንድ ሙሉ ጠዋት አሳልፌአለሁ፤ አልቆጨኝም።

መኪና የሚያስፈልጋችሁ ለሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱንም ከሮቤ ወይም ከጎባ ተከራዩ፣ ለስድስት ሲካፈል አይከብድም። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በሳነቲ አምባ ላይ ያልፋል። 4,000 ሜትር ግድም ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ሆኖ ከላይ ያያችኋል። ነርሶች ስለሆናችሁ የከፍታ ራስ ምታትን አላስተምራችሁም፤ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ። ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል፣ ከትንንሾቹ ኩሬዎች ዳር፣ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ አንገቷን ጀርባዋ ላይ አስተኝታ ትቆማለች። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ ካያችሁ ምርቃት ነው።

ከአምባው ማዶ መንገዱ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶ፣ ከዚያ ቀርከሃ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጃኬት አስወልቆ ሹራብ የሚያስወልቅ ቁልቁለት ነው። ሪራ መንደር እደሩ። ከተማ ሆቴል የከፈላችሁት ብር ደኑን አያውቀውም፤ ሪራ የከፈላችሁት ግን ያውቀዋል። የሪራ ሰው ቀፎውን የሚሰቅለው በደኑ ትላልቅ ዛፎች ላይ ነውና ማሩን ስትገዙ ዛፉ የቆመበትን ምክንያት ገዛችሁ ማለት ነው። ከመንደሩ ወረድ ስትሉ ሶሪት ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ትሰማላችሁ፤ ተቀምጣ አረንጓዴ የነበረችው ክንፏን ስትዘረጋ ደማቅ ቀይ ትሆናለች። የባሌ ጦጣም እዚያው ቀርከሃው ውስጥ ነው።

የሰዉ ነገር የዋህ ምኞት እንዳይመስላችሁ፣ ስትሄዱ የምታልፉባቸውን ዶዶላንና አዳባን ላንሣ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጀርመን የልማት ድርጅት ድጋፍ አንድ ሥራ ተጀመረ። ደኑ እየሳሳ ነበርና ነዋሪውን ከማባረር ይልቅ ከደኑ ጋር ውል ማሰር ተመረጠ። በኦሮምኛ ስሙ ምህጻር ዋጂብ ተባለ፣ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ደኑ በክልል በክልል ተከፈለ፤ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ታስቦ በአንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ተወሰነ። አባላቱ በደኑ ይኖራሉ፣ ያለ አግባብ የሚቆርጥን ይከላከላሉ። ጎን ለጎን በተራራው ላይ ለእግረኛ ተጓዥ ጎጆዎች ተሠሩ፤ ፈረሱን፣ ጎጆ ጥበቃውንና ማስጎብኘቱን የአካባቢው ሰው ያዘ። ዛፍ ቆሞ ገንዘብ ሲያመጣ የታየበት ቦታ ነው። ሌላ ጊዜ ረዘም ያለ ፈቃድ ካገኛችሁ ጎጆዎቹ ክፍት መሆናቸውን ጠይቃችሁ በፈረስ ሂዱባቸው።

የቀረው ዕቃ ነው። ስድስት ርካሽ የወፍ መነጽር ከምትገዙ ሁለት ደህና ግዙና ተቀባበሉ። 8 በ42 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፣ 42 ሚሊ ሜትሩ የፊተኛው መስተዋት ስፋት ነው። «20 እጥፍ» እያሉ የሚሸጡትን ተዉት፤ እጃችሁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፏም ትንቀጠቀጣለች። እኔ አንዴ መርካቶ ገዝቼ ማታ ጨረቃን ባይበት ሁለት ጨረቃ አሳየኝ። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን፤ ባሌ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ ለሌሊቱ ብርድ ደግሞ ጭኮ ብሉ።

ጥያቄ፦ መምህርት እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አሜሪካን አገር ሜሪላንድ ነው። ለገና ከሁለት ልጆቼ ጋር (8 እና 11 ዓመታቸው ነው) ወደ አገር ቤት እመጣለሁ። ያነጋገርኳቸው አስጎብኚዎች ሁሉ «ማኅበረሰብን የሚደግፍ ጉዞ» ይላሉ። እውነቱን በምን ልለይ? ልጆቹስ ይሰለቹ ይሆን?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ያ ቃል እንደ ጨው በየማስታወቂያው ይነሰነሳል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው፦ «ጫካ ውስጥ ይዞን የሚገባው ሰው ስሙ ማን ነው? የየትኛው መንደር ልጅ ነው?» ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስሙን ሊነግሩሽ ካልቻሉ ሰውዬው ገና አልታሰበም፤ እዚያ ሲደርሱ በር ላይ በርካሽ የሚነሣ ነው። ከዚያ የምትተኙበት አልጋ የማን እንደሆነ ጠይቂ። ዝናብ ሙሉ ቀን ቢዘንብና ባትወጡ አስጎብኚው የቀኑን ይከፈለው እንደሆነም ጠይቂ። በዚህ ጥያቄ የሚናደድ ድርጅት መልሱን ሰጥቶሻል።

ለልጆቹ ፈረስ ያዢላቸው፤ ወፍ ቢሰለቻቸው ፈረስ አይሰለቻቸውም። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም በሉ አትበያቸው። ታናሽየው ልጅሽ ከላም እግር ሥር የሚሯሯጡትን ቢጫ ወፎች ይፈልግ፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ናቸው፣ እንደ እናንተው ለገና አገር ቤት ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ እትዬ መምህርት፣ በየወሩ ወፍ ለማየት ክፈሉ ይላሉ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ ወፉ ጣሪያዬ ላይ ሞልቶ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ምን ብዬ ልክፈል?
ጡረተኛ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይክፈሉ! ጣናን ከጎንዎ አስቀምጠው ባሌ ድረስ ምን ያደርጋሉ? እንቅልፉን አንዴ ከነሡዎት ወንበር ያውጡና ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይቀመጡ። መነጽርም አይግዙ። ደብተር ይዘው ለአንድ ወር የሚያዩትን ይጻፉ፤ ስሙን ባያውቁት መልኩን፣ አፉን፣ የተቀመጠበትን። የሰፈር አዛውንት ምን ብለው እንደሚጠሩት ደግሞ ጠይቀው አብረው ያስፍሩልኝ። አስጎብኚዎቻችን የፈረንጅ ስሙን ብቻ እያጠኑ የእኛው ስም እየጠፋ ነው፤ ለእኔ የሚጠቅመኝ ያ ዝርዝር ነው። ደብተሩ ሲሞላ በመጽሔቱ አድራሻ ይላኩልኝ፣ የመልእክቱን እኔ እከፍላለሁ።