ከዓመታት በኋላ ወደ ቤት ቢራ ጠመቃ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በብቅል ኤክስትራክት (ከብቅል ወጥቶ በፈሳሽ ወይም በዱቄት መልክ የሚሸጥ ጣፋጭ ጭማቂ) ቢራ ይጠምቁ ከነበሩና ሊመለሱበት ካሰቡ ሰዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መጠኑ ሁሉ ለ19 ሊትር (5 ጋሎን) ነው።

ጥያቄ፦ ባልዲ፣ የላስቲክ ቱቦ፣ ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) እና ቆርኪ መግጠሚያ ተቀምጦልኛል። የቱን ልጣል?

መልስ፦ ቱቦውን ይጣሉት፤ ርካሽ ነው፣ ውስጡም በደንብ አይጸዳም። ባልዲው ከተቧጨረ እሱንም ይቀይሩ፤ ጭረቱ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ቢራውን ያኮመጥጠዋል። ሃይድሮሜትሩን ንጹህ ውኃ ውስጥ ያስገቡት፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ሙቀት 1.000 ማሳየት አለበት። 1.002 ካሳየ፣ ከሚያነቡት ሁሉ ሁለት ነጥብ (0.002) ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ የቆየ ኤክስትራክት፣ ሆፕስ (ቢራውን የሚያመርረው አበባ) እና እርሾስ?

መልስ፦ ፈሳሹ ኤክስትራክት ሲቆይ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል፤ አይጠቀሙበት። ዱቄቱ በደንብ ከታሸገ ብዙ ይቆያል፤ ጓል ቢሠራም ሙቅ ውኃ ያሟሟዋል። ፍሪዘር ያልገባ ሆፕስ ምሬቱም መዓዛውም ይሄዳል፤ አይብ አይብ ከሸተተ ይድፉት። እርሾ ላይ ግን ፈጽሞ አይቆጥቡ፤ አዲስ የ11 ግራም ደረቅ እርሾ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ድስቴ 15 ሊትር ብቻ ይይዛል። ቀላል አሠራር ይንገሩኝ።

መልስ፦ ይበቃል። 9 ሊትር ውኃ ያፍሉ። እሳቱን አጥፍተው 1.35 ኪሎ ነጣ ያለ የብቅል ዱቄት እያማሰሉ ይጨምሩ፤ እሳት ላይ እያለ ከጨመሩት ሥሩ ያርራል። እንደገና ሲፈላ አጠገቡ ይቁሙ፣ አረፋው በድንገት ይገነፍላል። 28 ግራም ካስኬድ ሆፕስ ከተው 60 ደቂቃ ያፍሉ። 10 ደቂቃ ሲቀር እሳቱን አጥፍተው ሌላ 1.35 ኪሎ ዱቄት ያሟሙ፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ከተቀቀለ ቢራው ይጠቁራል። መልሰው ያፍሉት፤ 5 ደቂቃ ሲቀር 28 ግራም ካስኬድ ይድገሙ።

ድስቱን በረዶና ውኃ ባለበት ሲንክ ውስጥ አቀዝቅዘው ወደ ባልዲው ያዙሩት፤ ቀዝቃዛ ውኃ እስከ 19 ሊትር ይሙሉ። በኃይል ያማስሉ፤ እርሾው አየር ይፈልጋል፣ ካልተዋሃደም ሃይድሮሜትሩ ያሳስታል። በሃይድሮሜትሩ 1.052 አካባቢ ይጠብቁ። ሙቀቱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን እርሾውን ይበትኑ፤ ባልዲውን እዚያው ሙቀት ላይ ያቆዩት። ከዕቃ ሁሉ የሙቀት ቁጥጥር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቢራዬ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ክሎሪን ነው። በበረኪና ማምከን ይተዉ፤ 30 ሚሊ ሊትር ስታር ሳን የተባለ ማምከኛ በ19 ሊትር ውኃ በጥብጠው ዕቃውን ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ያርጥቡበት፣ ማለቅለቅ አያስፈልግም። ለቧንቧ ውኃው ክሎሪኑን የሚያስወግድ ሩብ የካምደን እንክብል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ወደ ሁለተኛ ዕቃ ላዙረው?

መልስ፦ አያስፈልግም። ማዘዋወሩ አየር ያስገባል፤ ሁለት ሳምንት አተላው ላይ ቢቆይ ምንም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጠርሙሶቼ ለምን ፈነዱ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ከሁለት ምክንያት አንዱ ነው፦ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ታሽጓል፣ ወይም ጠርሙስ ሲሞላ የሚጨመረው ስኳር በዝቷል። የባልዲው የአየር መውጫ አረፋ ማውጣት ማቆሙ ማስረጃ አይሆንም። ሃይድሮሜትሩ በሦስት ቀን ልዩነት አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ ጨርሷል ማለት ነው። ያኔ 100 ግራም ተራ ስኳር በሁለት ኩባያ ውኃ አፍልተው ንጹህ ባልዲ ውስጥ ያፍስሱ፣ ቢራውን በቱቦ ላዩ ላይ ይልቀቁትና ቀስ አድርገው ያማስሉ። ስኳር በየጠርሙሱ በማንኪያ መጨመር እኩል አይወጣም። ክዳኑ በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈት ጠርሙስ ቆርኪው በደንብ አይዝለትም። በ21 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያቆዩ።

ጥያቄ፦ ሕጉስ?

መልስ፦ የፌዴራሉ ሕግ ከ1979 ጀምሮ በዓመት ለአንድ አዋቂ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ቤት 200 ጋሎን ይፈቅዳል። መሸጥ ክልክል ነው፤ የግዛትዎንም ሕግ ይዩ።

ጥያቄ፦ በሆፕስ ፋንታ ጌሾ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ይሆናል፣ እኔም ደስ የሚለኝ ሙከራ ነው። ግን የሆፕስ ማሸጊያ ላይ የምሬቱ መጠን ይጻፋል፣ ጌሾ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ በ4 ሊትር ይጀምሩ፤ እንጨቱን ሲያፈሉ በየ10 ደቂቃው ይቅመሱ፣ ምሬቱ ሲበቃዎት ያውጡት። የጌሾውን ክብደትና የፈላበትን ደቂቃ ይመዝግቡ፤ ከሌላ ቦታ የተገዛ ጌሾ ግን ሌላ ቅምሻ ይፈልጋል።