የምታውቁትን ቃል ፈትሹ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የትርጉም ሥራ ለጀመራችሁት ነው። ከባድ ቃል ሲገጥማችሁ መዝገበ ቃላት እንደምታገላብጡ አውቃለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ ብላችሁ የምታልፉት ቃል ነው።

የእንግሊዝኛውን «ሚት» ውሰዱ። ሥጋ ነው፣ ማን ያጣዋል? በጀማሪነቴ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተሰጠኝ። ሠራተኞቹ እኩለ ቀን ላይ «ሚት» በሉ ይላል። ሳላቅማማ «ሥጋ በሉ» ብዬ ጻፍኩ። አራሚያችን አነበቡትና «ልጄ፣ ይኼ መቼ ነው የተጻፈው?» አሉኝ። ዓመቱን አላየሁትም ነበር።

በንጉሥ ጄምስ ስም የሚታወቀውን፣ በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አወጡ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2ን ከአማርኛው ጎን ዘረጉልኝ። እንግሊዝኛው «የሚት ቁርባን» ይላል። የሚቀርበው ግን ዱቄት፣ ዘይትና ዕጣን ነው። የደም ጠብታ የለበትም። የእኛው «የእህል ቁርባን» ይለዋል። ዘፍጥረት 1፥29 ላይም ለሰው የተሰጠው ዕፅዋትና የዛፍ ፍሬ «ሚት» ተብሏል፤ በአማርኛ «መብል»። ያኔ ገባኝ።

ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ የሚበላን ነገር ሁሉ ይጠራ ነበር። ለሥጋ «ፍሌሽ» የሚል ሌላ ቃል ነበራቸው። በኋላ «ሚት» ቀስ በቀስ ወደ ሥጋ ጠበበ፤ ሰፊውን ቦታ «ፉድ» ያዘው። ስዊድኖች ግን እስከ ዛሬ ምግብን «ማት» ይላሉ፣ የአንድ ዘር ቃል ነው። እንግሊዝኛም ውስጥ «ስዊትሚት» ቀርቷል። እሱም ጣፋጭ እንጂ ሥጋ አይደለም።

እንዲህ ያለው ነገር የእንግሊዝኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ዐረብ አገር የሠራ ሰው «ለሕም» ሥጋ መሆኑን ያውቃል። በዕብራይስጥ ግን ያው ሥር ያለው «ሌሔም» እንጀራ ነው። የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት ቤተ ልሔም ስንል ከዕብራይስጡ ጋር ነን።

ስለዚህ ሥራ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት ገጹ አናት ላይ አስፍሩ። ቃሉ ከጎረቤቶቹ ጋር አልስማማ ካለ ቁሙ፣ አትለፉት። ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። የእያንዳንዱን ቃል ትርጉሞች ከጥንቱ ጀምሮ ከነዓመታቸው ይደረድራል። ግማሽ ሰዓት ቢወስድባችሁም ይውሰድ።

ያን ቀን «ሥጋ»ን ሰርዤ «ምሳቸውን በሉ» አልኩ። ከዚያ በፊት ያስረከብኳቸው ገጾች ግን እንደነበሩ ታትመዋል። ስንት እንዲህ ያለ ቃል እንዳለፍኩባቸው ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።