ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ወገቤን ያመኝ ከጀመረ አራት ዓመት ሆነ። ራጅ ተነሥቼ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ፤ ሕመሙ ግን ሌሊት ስገላበጥ ይቀሰቅሰኛል፤ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ካቃተኝም ቆይቷል። ቤተሰቦቼ «ወገቡን የማያመው ማን አለ?» ይሉኛል። አንድ ጽሑፍ ላይ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ከአምስት ሰው አንዱ ነው የሚል፣ ሌላ ላይ ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ሰው ነው የሚል አነበብኩ። የትኛው ነው ትክክሉ? ይህን ያህል ሰው የሚያመው ከሆነስ እኔ አጋንኜው ይሆን?
ስሜ አይጠቀስ

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች ከእውነተኛ ጥናት የመጡ ናቸው፤ የተራራቁት ሰዎቹ የተጠየቁት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው።

በቋንቋችን «ሕመም» ስንል በሽታውንም የሚሰማንን ስቃይም ማለታችን ስለሆነ፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሁለተኛው መሆኑን አስቀድመን እንያዝ። ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሚሉት ከ3 ወር በላይ የቆየውን ወይም በዚያ ጊዜ ውስጥ እየተመላለሰ የሚያመውን ነው። አንድ ጠያቂ «ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም አለብዎ?» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ ጉልበቱን አልፎ አልፎ የሚቆረጥመውም ከአልጋ መነሣት ያቃተውም እኩል «አዎ» ይላሉ። በብሪታንያ የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተሙ 43.5 በመቶ የተገኘው በዚህ ዓይነት ሰፊ መለኪያ ነው፤ በዚያው ሥራ ውስጥ ሕመማቸው ከመካከለኛ እስከ ከባድ ሆኖ ኑሯቸውን የሚያሰናክለው ከ10 እስከ 14 በመቶ ገደማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውና በ15 የአውሮፓ አገሮችና በእስራኤል ከ46,000 በላይ ሰዎችን በስልክ የጠየቀው ጥናት ግን ወንፊቱን አጠበበው፦ ሕመሙ 6 ወር የሞላው፣ በሳምንት ደጋግሞ የሚሰማ፣ ሰውየው ለሕመሙ ክብደት ከ10 ቢያንስ 5 የሚሰጠው መሆን ነበረበት። ያገኘው 19 በመቶ ነው፤ የእርስዎ «ከአምስት አንድ» ይኸው ነው።

ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ አዋቂዎች ላይ የተደረገው ጥናት ይመስለኛል። ባለፉት 3 ወራት በአብዛኛው ቀን ወይም በየቀኑ ያመማቸው 24.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሥራቸውና ከዕለት ኑሯቸው ደጋግሞ ያገዳቸው 8.5 በመቶ ነበሩ። ዕድሜ ሲጨምር ቁጥሩም ይጨምራል፤ ሴቶችም ከወንዶች በመጠኑ ይበልጣሉ።

ቤተሰቦችዎ በአንድ ነገር አልተሳሳቱም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ተገምተዋል፤ ለአካል ጉዳትም ከማንኛውም ሌላ በሽታ በላይ ምክንያት የሚሆነው እርሱ ነው። ሆኖም ወገቡን ድንገት የሚያመው አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። «የማያመው ማን አለ?» የሚለው አነጋገር በሳምንቱ የተሻለውን ሰውና አራት ዓመት ሌሊቱን የሚገላበጠውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሚያይ፣ ተናጋሪው ለማጽናናት ብሎ ቢለው እንኳ ሰሚውን ብቻውን ይተወዋል። የብዙዎች መሆኑ የአንዱን ሕመም አያቀለውም።

የራጁም ነገር እንዲሁ ነው። ራጅ የአጥንትን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ነርቮችና አእምሮ የሕመምን መልእክት ምን ያህል እያጎሉ እንደሚያስተላልፉ አያሳይም። በተቃራኒውም፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ወገብ በምስል ሲታይ በ20 ዓመታቸው ከሦስቱ ከአንድ በላይ፣ በ80 ዓመታቸው ደግሞ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) መድከም ይገኝባቸዋል። ስለዚህ ንጹሕ ራጅ አጋንነዋል ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ሐኪም ሲመለሱ «ያመኛል» ከማለት ይልቅ፣ ባለፉት 3 ወራት ስንት ቀን እንዳመመዎና ምን እንዳያደርጉ እንዳገደዎ ይንገሩ፤ የጫማዎን ማሰሪያና ሌሊት መቀስቀስዎን ሳይረሱ። ከ24.3 በመቶው ውስጥ 8.5 በመቶውን የለየው ጥያቄም ይኸው ነበር።