የጎጃምን ዓመት በጨርቅ ቀለም ለመስፋት ለተነሣችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የየዕለቱን የአየር ሙቀት በጨርቅ ቀለም እየመዘገባችሁ፣ ዓመቱ ሲሞላ ከቁራጭ ጨርቅ የተሰፋ አልጋ ልብስ ለማውጣት መነሣታችሁን ስሰማ፣ በልብስ ስፌት ሙያ ጸጉሬን ያሸበትሁ ሰው ነኝና እጅግ ደስ ብሎኛል። ከደብረ ማርቆስ የምጽፍላችሁ ስለ መርፌና ክር ሳይሆን ስለ ቀለም አመራረጥ ነው፤ እርሱ ከተበላሸ ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራውን አያድነውም።

ይህ ሥራ በብዛት የሚሠራው ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ሐሩር በሆነባቸው አገሮች ነው። እዚያ ሙቀቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዜሮ በታች ወርዶ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ በየ5 ዲግሪው አንድ ቀለም መመደብ ይበቃቸዋል። ያንኑ አከፋፈል እንዳለ ወስዳችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ብትሠሩበት ግን ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሦስት ቀለም ስትሰፉ ትከርማላችሁ። የከተማችን የቀን ከፍተኛ ሙቀት በወር አማካይ ሲታይ በመጋቢት ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ በነሐሴ ወደ 19 ይወርዳል። ልዩነቱ 6 ዲግሪ ያህል ነው። በጥር ወር ግን ከንጋቱ ብርድ እስከ ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ድረስ በአንዲት ቀን ብቻ ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይታያል። የአገራችን ሙቀት ከወር ወር ይልቅ ከሌሊት ወደ ቀን አብዝቶ ስለሚለዋወጥ፣ ለእያንዳንዱ ዕለት ሁለት ቁራጭ ስጡት፤ አንዱ የዕለቱን ከፍተኛ፣ ሌላው ዝቅተኛውን ሙቀት የሚያሳይ ይሁን።

ሁለቱም ከአንድ የቀለም ተራ ይመረጡ። ከ4 እስከ 28 ዲግሪ ያለውን በየ2 ዲግሪው ብትከፍሉት 12 ቀለም ይወጣዋል። ከ18 እስከ 19.9 አንድ ቀለም፣ 20 ሲሞላ ቀጣዩ ቀለም እንደሚሆን አስቀድማችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከየቀለሙም ትንሽ ብጣሽ ከቁጥሩ አጠገብ ለጥፉ። እንዲህ ስትሰፉ አልጋ ልብሱ ራሱ የሚነግራችሁ ነገር ይኖራል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በነሐሴ ግን ደመና ስለሚጋርዳት ቀኑ ይቀዘቅዛል፤ ያው ደመና ሌሊት የምድሩን ሙቀት ስለሚይዝ ሌሊቱ እንደ በጋው አይከፋም። ስለዚህ በክረምት የሁለቱ ቁራጮች ቀለም ይቀራረባል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት ጊዜ ደግሞ እጅግ ይራራቃል።

ብዙዎቻችሁ ለክረምት አረንጓዴ፣ ለመስከረም የአደይ አበባን ቢጫ መስጠት እንደሚያምራችሁ አውቃለሁ። ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን ቀለሙ የተመደበው ለሙቀቱ እንጂ ለወሩ አይደለምና ይህን ፈተና እለፉት። የቀለሞቹም ቅደም ተከተል በዓይን የሚነበብ መሆን አለበት። 12ቱን ብጣሾች መስኮት ዳር በተርታ ደርድሩና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩአቸው፣ ወይም በስልካችሁ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሡአቸው፤ ከጠቆረው ወደ ፈካው ደረጃ በደረጃ ካልሄዱ፣ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ መስለው ከታዩ፣ አንዱን ለውጡት። አበባ የታተመበትን ጨርቅ እኔ በዚህ ሥራ አልወደውም፤ በአንድ ቁራጭ ላይ ብዙ ቀለም ስለሚይዝ ንባቡን ያደበዝዛል።

ይህ አከፋፈል ለደጋው ነው። በአየር ላይ 1000 ሜትር ሽቅብ ሲወጡ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ያለ ወጣትና ከበረሃው በላይ ደጀን ከተማ ያለ ጓደኛው በአንድ ቀን አንድ ቀለም ሊሰፉ አይችሉም፤ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያለው ደግሞ የቀለም ተራውን ከዚያም ዝቅ ካለ ዲግሪ መጀመር አለበት። ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ያለፉ ዓመታት መረጃ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጠይቁ። ራሳችሁ የምትለኩ ከሆነ መለኪያው ከመሬት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፣ ከቆርቆሮና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። ከስልክ የምታነቡ ከሆነም ዓመቱን ሙሉ ምንጫችሁን አትቀያይሩ። ያልተለካ ቀን ቢኖር በግምት አትሙሉት፤ ነጭ አቡጀዲ ስፉበት።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን፤ ሳይቆረጥ ይታጠብ፣ መኮማተሩንም አስቀድሞ ይጨርስ። ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ቀለም እንዳይለቁ አርጥባችሁ በነጭ አቡጀዲ ላይ አስቀምጡና በጋለ ካውያ ተጫኑአቸው፤ ነጩ ከተነካ ያ ጨርቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተሰፋው ቁራጭ 7 በ5 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን፣ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ትታችሁ 8.2 በ6.2 ቁረጡ። ስፋቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ጨርቅ አንዱ ሜትር 288 ቁራጭ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለሚበዙት ቀለሞች ግማሽ ሜትር፣ ለዳርና ዳሮቹ ሩብ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከአንድ ጣቃ አስቆርጡ፤ በኋላ የሚመጣው ጣቃ በቀለሙ ትንሽ መለየቱ አይቀርም።

ወሮቻችን እኩል 30 ቀን መሆናቸው ለሰፊ ትልቅ በረከት ነው። የየዕለቱ ሁለት ቁራጭ በ7 ሴንቲ ሜትር ጎኑ አግድም ተጋጥሞ፣ 12 ወር ጎን ለጎን፣ 30 ቀን ከላይ ወደ ታች ሲደረደር 168 በ150 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጳጉሜንን በግርጌው ከዳር እስከ ዳር ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ስፉ፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ስለምትሆን ለዚያች ለስድስተኛዋ ቀን ቦታ መተው አትርሱ።