የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂን በማስተርስ ለመማር ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ሰላም ናችሁ? የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂ ማስተርሴን ከጨረስኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። አሁን እዚሁ ባሕር ዳር በሰው ሀብት ሥራ ላይ ነኝ። የምዝገባ ወቅት በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ለየብቻ ይደርሰኛል፤ ለአንዱ የመለስኩት ደግሞ ለሌላው አይደርስም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከማኔጅመንት በምን ይለያል? ኤምቢኤ ብማር አይሻለኝም?

መልስ፦ ፍላጎትህ ድርጅት መምራት ከሆነ ኤምቢኤ ተማር። የእኛ ነገር ሰውና ሥራ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ማን ለየትኛው ሥራ ይሆናል? ሥራውስ ሰውየውን ምን ያደርገዋል? ለምን ይለቃል፣ ለምን ይዝላል? ከጀማሪዎቹ አንዱ ጀርመን ተወልዶ ሃርቫርድ ያስተማረው ሁጎ ሙንስተርበርግ ነው። የትራም ሾፌሮችን አጥንቶ መንገዱ ላይ የሚሆነውን ሁሉ በአንድ ዐይን እየተከታተለ መንዳት የሚችለውን ሰው የሚለይ ፈተና ሠራ፤ በ1913 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ በወጣው መጽሐፉ ውስጥ አለ። ያን ሳነብ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ጊዮርጊስ አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። በግራው ብስክሌት፣ በቀኙ እግረኛ፣ ከፊቱ ሌላ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ድንገት ይቆማል። ይሄን ልጅ "ጎበዝ ሾፌር" ስንለው ምን ስለሚችል ነው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ ቦታህ እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሶሲዮሎጂ ነው። ይቀበሉኛል?

መልስ፦ እንደ ትምህርት ክፍሉ ነው። ከማመልከትሽ በፊት ሄደሽ ጠይቂ፣ በስልክ አይሆንም። አንዳንዱ ቦታ ተጨማሪ ኮርስ አስወስደው ይቀበላሉ። ጋትን፣ ማለትም የማስተርስ መግቢያ ፈተናውን፣ ማለፍ ግን ለሁሉም ነው። ሌላው ነገር፣ የፕሮግራሙ ስም አያታልሽ። "ኢንዱስትሪያል"፣ "ኦርጋናይዜሽናል"፣ "ወርክ" የሚሉት ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የኮርሶቹን ዝርዝር ተቀብለሽ እይ። ሥራ ትንተና፣ የሠራተኛ ምርጫ፣ ሳይኮሜትሪክስ (የሥነ ልቦና አለካክ) እና ስታቲስቲክስ ከሌሉበት ስሙ ብቻ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ስታቲስቲክሱ ይጥለኛል?

መልስ፦ ስሌቱን ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራልሻል፤ ሰው የሚወድቀው ስሌቱ ላይ አይደለም። የለካሽው ነገር ልትለኪ ያሰብሽው ነገር መሆኑን ማረጋገጡ ነው ከባዱ። ቆሮሶ የምትገዢበትን ሚዛን አስቢው። አንዱን ዓሣ ሦስቴ ብትመዝኚው ሦስቴም ያው ቁጥር ከመጣ ሚዛኑ አስተማማኝ ነው። ግን ሁልጊዜ 200 ግራም የሚጨምር ከሆነ ትክክለኛ አይደለም። ተማሪው ክሮንባክ አልፋ የሚባለው የመጠይቁ ቁጥር 0.70 ሲያልፍ ደስ ብሎት ይዘጋዋል። ያ ቁጥር የሚነግርሽ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ብቻ ነው። የሚስማሙት ስህተት ላይ ሊሆን ይችላል።

የደረሰብኝን ልንገርሽ። ለቴሲሴ የሥራ መዛልን የሚለካ መጠይቅ ወደ አማርኛ መለስኩ። ሳይኮሎጂስቷ ክርስቲና ማስላክና ባልደረባዋ በ1981 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ካወጡ ወዲህ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ቃል፣ "በርንአውት"፣ ቀጥታ ሲተረጎም "መቃጠል" ነው። እኔም "በሥራዬ ተቃጥያለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ለሙከራ የሰጠኋት አንዲት አስተናጋጅ አነበበችና ቀና ብላ "በማን?" አለችኝ።

በማን! በእኛ ቋንቋ ሰው የሚቃጠለው በሌላ ሰው ነው፤ ተናድዶ ወይ ቀንቶ። እኔ ስለ ድካም እየጠየቅሁ እሷ ስለ አለቃዋ ልትመልስልኝ ነበር። ያን ቀን ማታ መጠይቁን እንደገና ጻፍኩት። "ዝያለሁ"፣ "ሥራው አንገሽግሾኛል"፣ "ጠዋት ስነሳ ወደ ሥራ ለመሄድ አቅም አጣለሁ"። ከዚያ እንግሊዝኛውን ላላየ ጓደኛዬ አማርኛውን ሰጥቼ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው አደረግሁ፤ የት የት እንደሚጣረስ ወዲያው ይታያል። አድቫይዘርሽ ባይጠይቅሽም ይህን አድርጊ። ስታቲስቲክስሽ ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነኝ፣ ፕሮፖዛል ደርሶብኛል። ርዕስ ጠቁመኝ።

መልስ፦ "የተነሳሽነት ተጽዕኖ በአፈጻጸም ላይ፣ በእንትን ባንክ" የሚለውን ተወው እባክህ። ዙሪያህን እይ። ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች በጥምቀት ሰሞን ከጠዋት እስከ ሌሊት ፈገግ ብሎ የሚያስተናግድ ልጅ አለ። እንግዳው ይጮህበታል፣ እሱ "ይቅርታ ጌታዬ" ይላል። ከዚያ ማድ ቤቱ በር ጋ ሲደርስ ፊቱ እንዴት እንደሚወርድ ቁጭ ብለህ አይተህ ታውቃለህ? አርሊ ሆክሺልድ የምትባል ሶሲዮሎጂስት በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ አውሮፕላን አስተናጋጆች ጽፋ የስሜት ሥራ ብላዋለች፤ ሰውየው የሚሸጠው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ነው። እዚሁ እግርህ ሥር ያለ ርዕስ ነው። ወደ ዘጌ የሚወስዱት የጀልባ ሾፌሮችም አሉ። ቱሪስት ሲቀር ገቢው ይቀራል፤ ያን እርግጠኛ ያልሆነ ኑሮ ይዞ በየቀኑ ወደብ መውጣት ሰውን ምን ያደርገዋል?

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ቲዎሪ ነው። ለኛ ሰው ይሠራል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ "እየፈተሽን" ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ሰው ሳይፈራ ስህተቱን መናገር የሚችልበት ቡድን የበለጠ እንደሚማር አሳይታለች። እኛ ጋ ደግሞ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እየተባልን ነው ያደግነው። አለቃ ባለበት "ችግር አለ?" ብለህ ጠይቅ፤ "ኧረ ምንም የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የምትሰማው። ቡና ላይ ያንኑ ሰው ስታገኘው ሌላ ታሪክ ነው። ሐሳቡ ይሠራል፣ አለካኩ ግን የእኛ መሆን አለበት። እና አደራ፣ ሰው አምኖ ከነገረህ ጠብቀው። ስድስት ሰው ባለበት ክፍል ስም ባትጽፍም ዕድሜና ጾታ ከጻፍክ ማን ምን እንዳለ አለቃው ወዲያው ይለያል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም። ሐይቁ ዳር አነስተኛ ሆቴል አለኝ። ደህና መስሎኝ የቀጠርኩት ሁሉ በሁለት ሳምንቱ ይጠፋል። ለእኔ የሚሆን ነገር አላችሁ?

መልስ፦ አለን እትዬ። ሰው ለሚቀጥሩበት ሥራ የሚያስፈልገውን መጀመሪያ ለራስዎ ይጻፉ። ከዚያ ለሁሉም አመልካች ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ይጠይቁ፣ ነጥቡንም ከሌላ ሰው ጋር ሳይመካከሩ ወዲያው ይስጡ። በ2022 እ.ኤ.አ. ፖል ሳኬት የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የብዙ ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያወዳድሩ የሰውን የወደፊት አሠራር በመተንበይ አንደኛ የወጣው እንዲህ ያለው ቃለ መጠይቅ ነው። "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ መጫወቱ ደስ ይላል፣ ስለ ሥራው ግን ብዙም አይነግርዎትም። ደግሞም ሥራውን አይደብቁባቸው። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሲጨናነቅ ለሁለት ሰዓት አምጥተው ያሳዩዋቸው፣ የሰዓታቸውንም ይክፈሏቸው። መሄድ የሚፈልገው ያኔውኑ ይሄዳል፣ እርስዎም ሁለት ሳምንት አይከስሩም።

ጥያቄ፦ ሥራ አለው ወይ? እውነቱን ንገረን።

መልስ፦ "የሥራ ቦታ ሳይኮሎጂስት ይፈለጋል" የሚል ማስታወቂያ ብትጠብቁ ብዙ ትጠብቃላችሁ። የምትገቡት በሰው ሀብት፣ በቅጥር፣ በሥልጠና፣ በማስተማር በር ነው። ከገባችሁ በኋላ ግን ልዩነታችሁ ይታያል።

አንዱን ላውራ። ጀማሪ እያለሁ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ምርት ወረደ። ኃላፊው "ሴቶቹ ይተኛሉ" አለ፤ ቅጣት ሊጻፍ ነው። ሦስት ሌሊት ገብቼ ቆምኩ። የሽመና ማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይደፍናል፣ ስለዚህ በእጅና በዐይን ነው የሚነጋገሩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዷን ልብ ብዬ አየኋት። ክር ይበጠሳል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጫፍ ይዛ በጣቷ ትቋጥራለች፣ ታስነሳዋለች፣ ዞር ከማለቷ ሌላው ይበጠሳል። እንቅልፍ የታለ? ቀን ገብቼ ስቆጥር ብጥስጣሱ ከግማሽ በታች ነው። ምክንያቱ ክሩ ነበር። የቀኑ ፈረቃ ደህናውን ከመጋዘን መርጦ ይወስዳል፣ የተረፈው ለሌሊት ይቀራል፣ ማታ ደግሞ መጋዘኑ ዝግ ነው። ክሩ ጠዋት ለሁለቱም ፈረቃ እኩል ይከፈል ተባለ፣ ቅጣቱ ቀረ። መጠይቅ በትኜ "ተነሳሽነታችሁ ምን ያህል ነው?" ብል ኖሮ ዛሬም ሰነፍ እየተባሉ ነበር። ይህን ሙያ የምወደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ሥራም አለኝ። በዊክኤንድ እችለዋለሁ?

መልስ፦ ኮርሱን ትችይዋለሽ እህቴ። ሰው የሚቀረው ቴሲስ ላይ ነው፤ የክፍል ሰዓት ሲያልቅ የሚጠራሽ የለም። ስለዚህ ርዕስሽን ከምትሠሪበት መሥሪያ ቤት አውጪ፣ ፈቃዱንም በመጀመሪያው ሴሚስተር በደብዳቤ ጨርሺ።

ጥያቄ፦ ትምህርቱ እስኪጀመር ሁለት ወር አለኝ። ምን ላንብብ?

መልስ፦ የስታቲስቲክስ መግቢያ አንድ፣ የሶሻል ሳይኮሎጂ መግቢያ አንድ፣ ይበቃል። ከዚያ ደብተር ይዘህ ውጣ። አንድ ሥራ ምረጥ፤ ዓሣ የሚበልቱትም ይሁኑ ፀጉር ቤት። አስፈቅደህ ሁለት ሰዓት ተቀመጥ። እጃቸው የሚያደርገውን፣ የት እንደሚቆሙ፣ ማንን እንደሚጠብቁ ጻፍ። "ጎበዝ" ወይ "ሰነፍ" የሚል ቃል ደብተርህ ላይ እንዳይገባ። የጻፍከውን ላክልኝ፣ አነበዋለሁ።