ፋርማሲ ለመግባት፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹ ወደ አንድ ተጠቃለዋል፤ የጠያቂ ስም ሳይሆን የመጡበት ከተማ ተጽፏል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ከ600 372 አምጥቻለሁ። ለፋርማሲ የማመልከተው የት ነው? ውጤቴስ ያስገባኛል?

መልስ፦ 372 ማለት 62 በመቶ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀውን የ50 በመቶ መስመር አልፈሃል። ነገር ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ «ለፋርማሲ» ብሎ ማመልከት የለም። በትምህርት ሚኒስቴር ፖርታል ላይ በቅደም ተከተል የምትሞላው ዩኒቨርሲቲዎችን ነው። ከተመደብክ በኋላ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሆነህ ፍሬሽማን (የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት) ትማራለህ፤ ፋርማሲ፣ ሕክምና፣ ነርሲንግ ወይም ላቦራቶሪ የሚለው እዚያው ግቢ ውስጥ ይወሰናል። ስለዚህ አሁን ያለብህ ሥራ አንድ ነው፤ የምትሞላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ፋርማሲ ያላቸው መሆናቸውን አረጋግጥ። ደብረ ብርሃን አለው፤ የጤና ትምህርቶቹ የሚሰጡት በአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ነው። ጎንደርና ጅማ የቆዩ የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም አለው። አንደኛ ምርጫህ ላይ ፋርማሲ የሌለው ግቢ ጽፈህ ከተመደብክ በኋላ በዝውውር አስተካክላለሁ ብለህ አትቁጠር።

ምርጫውን ኢንተርኔት ቤት የምታስሞላ ከሆነ አጠገቡ ቁጭ ብለህ አስሞላ። «አንተ ሂድ፣ እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ሲልከው የሚታወቀው ምደባው ከወጣ በኋላ ነው። የመጨረሻውን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሣ፤ የይለፍ ቃሉንም ራስህ ያዝ።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ ፍሬሽማን ላይ ማን ፋርማሲ እንደሚገባ በምን ይለያል?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ግን ካለፈው በኋላ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የ12ኛ ውጤትንና የፍሬሽማን ጂፒኤን (ከ4 የሚሰላውን የኮርሶች አማካይ ውጤት) በሆነ ድርሻ ደምሮ ተማሪዎቹን በደረጃ ይደረድራል። ከዚያ እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ባለው ቦታ ልክ ከላይ ወደ ታች ይወስዳል። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልል ተማሪዎች ድጋፍ አለ። ድርሻው ከግቢ ግቢ ስለሚለያይ እንደገባህ በመጀመሪያው ወር ሬጅስትራር ሂደህ ጠይቅ፤ ማስታወቂያ እስኪለጠፍ አትጠብቅ።

ለምሳሌ ድርሻው እኩል፣ 50 ለ50 ነው እንበል። አንዱ 372 ይዞ ገብቶ 3.4 ጂፒኤ አመጣ። 62 በመቶው 31 ይሆንለታል፤ 3.4 ከ4 ሲሰላ 85 በመቶ ስለሆነ 42.5 ያገኛል፤ ድምሩ 73.5። ሌላዋ 438 ይዛ ገብታ፣ ማለትም በ73 በመቶ፣ 2.9 አመጣች። 36.5 እና 36.25 ሲደመር 72.75። በ66 ነጥብ በልጣ የገባችው ልጅ ከኋላው ተሰለፈች።

የጂፒኤውንም ስሌት ቀድማችሁ እወቁት። ስድስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት ብንል ጠቅላላው 18 ክሬዲት ነው። ሁለት ኤ እና አራት ቢ ያመጣ 60 ነጥብ ለ18 ተካፍሎ 3.33 ያገኛል። ከቢዎቹ አንዷ ሲ ብትሆን 3.17 ይወርዳል። ሠልፉ በአስረኛና በመቶኛ ነጥብ በሚለይበት ቦታ ይሄ ብዙ ነው። ተማሪው የሚዘናጋውም ቀላል በሚላቸው በሳይኮሎጂ፣ በጂኦግራፊና በክሪቲካል ቲንኪንግ ነው፤ ክሬዲታቸው ግን ከሒሳብ አያንስም። ፊዚክስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ሳይኮሎጂን በፈተናው ዋዜማ የሚከፍት ልጅ ነጥቡን የሚጥለው እዚያ ነው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ለልጄ ነው የምጠይቀው። ለምዝገባ ምን ይዞ ይሂድ? እንዳይመልሱብኝ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ዋናውንና ኮፒውን አብረው ያዘጋጁለት፦ የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ መታወቂያ (ፋይዳ ካለው እሱን)፣ ጉርድ ፎቶ 3 በ4 የሆነ። ፎቶውን ስምንት ያህል ያሠሩለት፤ ለመታወቂያ፣ ለዶርም፣ ለካፌ ካርድ ሲባል ያልቃል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ልብስ በጥሪው ማስታወቂያ ላይ ይጻፋሉ። ልጅዎ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ከሆነ ደግሞ አንዱን ብርድ ልብስ ሁለት ያድርጉት።

የሚያስመልሰው ግን ብዙ ጊዜ የወረቀት ጉድለት ሳይሆን የስም አለመመሳሰል ነው። የ8ኛው ካርድ ላይ «ኃይለ ማርያም» ተለያይቶ፣ የ12ኛው ላይ አንድ ላይ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ደግሞ «ኃ/ማርያም» ተብሎ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛው ፊደልም አንዱ ላይ አንድ ሆሄ ይጨመራል። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሆሄ በሆሄ ያስተያዩ፤ የአያት ስምንም አይርሱ። ልዩነት ካለ የትምህርት ቤቱን ማስተካከያ ደብዳቤ አሁኑኑ ያስጽፉ። ይሄ ዛሬ ካልተስተካከለ ነገ ዲግሪው ላይ፣ ከዚያም የሙያ ፈቃዱ ላይ ተከትሎት ይሄዳል።

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ 50 በመቶ አልሞላልኝም፤ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ደርሶኛል። ፋርማሲ ሕልም ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሪሚዲያሉን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካለፍክ በሚቀጥለው ዓመት እንደማንኛውም ሰው ፍሬሽማን ትሆናለህ። ችግሩ ቀደም ብሎ ያየነው ስሌት ነው፤ የ12ኛ ውጤትህ ዝቅ ካለ ክፍተቱን በጂፒኤ መሙላት ይኖርብሃል። በዚያው በ50 ለ50 ስሌት፣ 45 በመቶ ይዞ የገባ ሰው 4.0 ቢያመጣ እንኳ 73.5 ላይ አይደርስም፤ 22.5 ሲደመር 50 ራሱ 72.5 ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የዲፓርትመንት ምርጫ ስትሞላ ፋርማሲን አንደኛ ሙላ፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ላይ ግን እውነት ልትማረው የምትችለውን ሙያ ጻፍ። ሪሚዲያል ላይ የሚሰጡትን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ደግሞ ለማለፍ ብቻ አትማራቸው፤ ፍሬሽማን ላይ ይጠብቁሃል።

ጥያቄ (ከደነባ)፦ ሶሻል ነኝ፤ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ፋርማሲ የተፈጥሮ ሳይንስ ነው።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ነው የምፈልገው። እዚያም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ አዲስ አበባ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። በዩኒቨርሲቲው በራሱ ድረ ገጽ ትመዘገቢያለሽ፣ ክፍያውን ትከፍያለሽ፣ ፈተናውን ትወስጃለሽ። የሚኒስቴሩን ፖርታል ሞልተሽ እሱን ከረሳሽ አዲስ አበባን አልመረጥሽም ማለት ነው። የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ የ12ኛ ውጤት እንደወጣ ድረ ገጹን በየቀኑ እዪ። ሌሎቹን ዩኒቨርሲቲዎችም እንዳትተዪ፤ ፈተናው ካልሆነልሽ የምትወድቂበት ቦታ ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በግል ኮሌጅ መማር እችላለሁ። ምን ላጣራ?

መልስ፦ «እውቅና አለን» የሚለውን ቃል አትቀበል፤ ደብዳቤውን አሳዩኝ በል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው እውቅና ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም፤ ለአንድ ትምህርት፣ በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ካምፓስ ነው። ደብዳቤው ላይ አራት ነገር አንብብ፦ ፋርማሲ የሚል መኖሩን፣ ደረጃው ዲግሪ መሆኑን፣ የካምፓሱ አድራሻ አንተ የምትማርበት መሆኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን። አዲስ አበባ ላለው ካምፓስ የተሰጠ እውቅና ደብረ ብርሃን ለተከፈተው ቅርንጫፍ አይሠራም። ከዚያ ባለሥልጣኑ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ አመሳክር። የመግቢያ ነጥቡ ለግልም ይሠራል፤ ነጥቡ ያልሞላለትን «ግባ፣ በኋላ እናስተካክላለን» የሚል ኮሌጅ ካጋጠመህ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ። ያለ መግቢያ ነጥብ የተገኘ ዲግሪ ሲመረመር ይወድቃል፤ የጤና ሙያ ፈቃድ ደግሞ ዲግሪው ሳይመረመር አይሰጥም።

ማታና ቅዳሜ እሑድ ለሚሉትም፦ ንድፈ ሐሳቡን በማታ መማር ይቻል ይሆናል፤ ላቦራቶሪውና የሆስፒታል ልምምዱ ግን የቀን ሥራ ነው። የመጨረሻው ዓመት ከዋርድ ዋርድ እየተዞረ የሚያልቅ ስለሆነ ከሙሉ ቀን ሥራ ጋር አይሄድም።

ጥያቄ (ከአጣዬ)፦ በፋርማሲ ደረጃ 4 ተመርቄ እየሠራሁ ነው። ወደ ዲግሪ ማደግ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ምስክር ወረቀትሽ በእጅሽ ይሁን፤ ያለሱ ማንም ፋይልሽን አይከፍትም። ቀጥሎ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፤ የተቀጠርሽበት ቀን፣ የሥራ መደቡና ደመወዙ ተጽፎበት ማኅተም ያረፈበት። «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግላለች» ብቻ የሚል ደብዳቤ ልምድ አያስቆጥርም። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽንም ፈልገሽ አውጪ፤ ይጠየቃል። መሥሪያ ቤቱ ከላከሽ የስፖንሰር ደብዳቤውና የአገልግሎት ግዴታ ውሉ ይጨመራል፤ ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ስንት ዓመት እንደሚይዝሽ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ዲግሪው ለምን እንደሚጠቅም ታውቂዋለሽ፤ ድራጊስት (ዲግሪ የሌለው የፋርማሲ ባለሙያ) መድኃኒት መደብር ይይዛል፣ ፋርማሲ የሚል ታፔላ ግን ፋርማሲስት ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከፍቼ)፦ ሰሜን ሸዋ ስትሉ እኛንም ይጨምራል?

መልስ፦ ለዩኒቨርሲቲ ልዩነት የለውም፤ ምደባው አገር አቀፍ ነው። ፍቼ ላይ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ አለላችሁ፤ ፋርማሲም አለው። ልዩነት የሚመጣው ለጤና ሳይንስ ኮሌጅ ስታመለክቱ ነው፤ እሱ በየክልሉ ጤና ቢሮ ሥር ስለሆነ እናንተ ኦሮሚያን፣ ደብረ ብርሃን ያሉት አማራን ይጠይቃሉ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ኬሚስትሪ ይከብደኛል። ፋርማሲ ልተው?

መልስ፦ አጥኝና ግቢ። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና የመድኃኒት ኬሚስትሪ ይመጣሉ፤ ሽምደዳ እዚያ አይሠራም። ሒሳቡ ግን ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ ማባዛት፣ ማካፈልና መጠንቀቅ ነው። ለልምምድ ያህል፦ 12 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በቀን በኪሎ 40 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ታዘዘላት። 12 በ40 480፣ ለሁለት 240 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ከሆነ 4.8 ሚሊ ሊትር ትወስዳለች፤ በ5 ሚሊ ሊትር 125 የሚለው ከሆነ 9.6። ተማሪ የሚሳሳተው ስሌቱን አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ይጀምራል፣ ወይም የቀኑን መጠን ለሁለት መክፈሉን ይረሳል። ይሄን ሦስት ጊዜ ሠርተሽ ሦስቱንም ካገኘሽው ኬሚስትሪውም ይለመዳል።

ጥያቄ (ከሰላ ድንጋይ)፦ ስንት ዓመት ነው? ሲያልቅስ ወዲያው ሥራ ይገባል?

መልስ፦ አምስት ዓመት። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ከዚያም የሙያ ምዝገባና ፈቃድ። ወጪ መጋራቱንም አስብበት፤ ፎርሙን ስትገባ ትሞላለህ፣ ስትቀጠር ከደመወዝህ እየተቆረጠ ይከፈላል። ሥራው ሆስፒታልና መድኃኒት ቤት ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ፋብሪካም አለ። ለምሳሌ ሂውማንዌል የመድኃኒት ፋብሪካውን የተከለው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሐገረ ማርያም ከሰም ወረዳ ነው።

ጥያቄ (ከጣርማ በር)፦ መንታ ነን፤ አንድ ቦታ እንመደብ ይሆን?

መልስ፦ በልዩ ሁኔታ ምደባ ይጠየቃል። የሁለታችሁን የልደት ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ፖርታሉ ላይ ምርጫ ስትሞሉ አያይዙት፤ ምደባ ከወጣ በኋላ መሮጥ ከባድ ነው። ጽኑ ሕመም ያለበት ወይም የምታጠባ እናትም በዚሁ መንገድ የሆስፒታል ማስረጃዋን ታቀርባለች።