የ300 ሚሊ ሜትሩ ብዥታ ከየት መጣ?

አንድ የሐዋሳ አስጎብኚ ሦስት ፎቶዎች አያይዞ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የማነሣው በካኖን ካሜራ ላይ በገጠምኩት ርካሽ 75-300 ሌንስ ነው። ዙሙን እስከ መጨረሻው ስስበው ወፎቹ ሁሉ ብዥ ይሉብኛል። ሌንሱን ልሽጠው ወይስ አነሣሤ ነው የተሳሳተው?»

ወንድሜ፣ ለመሸጥ አትቸኩል። ፎቶዎችህን በኮምፒውተር ላይ አጉልቼ አየኋቸው። ሦስቱም ብዥ ብለዋል፤ ምክንያታቸው ግን ለየብቻ ነው። ይህን ሳትለይ ሌንስ ብትቀይር ብዥታው ተከትሎህ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ከጀልባዎቹ አጠገብ የቆመው አባ ኮዳ ነው። ከኋላው ውሃው ላይ የሚያብለጨልጩትን የብርሃን ነጥቦች ልብ ብለህ እያቸው። ነጥብ መሆን ሲገባቸው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ አጫጭር ሰረዞች ሆነዋል። ወፉ ቆሟል፤ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። ከፎቶው ጋር የተመዘገበውን ስመለከት አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ የብርሃን ቀዳዳው 5.6 (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ማለትም የሹተሩ ፍጥነት፣ ደግሞ የሰከንድ 1/200ኛ ነበር። ሌንስህ የእጅ መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያ የለውም። የካሜራህ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ደግሞ አነስተኛው ዓይነት በመሆኑ 300 ሚሊ ሜትሩ በ1.6 ተባዝቶ እንደ 480 ያቀርባል፤ መንቀጥቀጡም በዚያው ልክ ይጎላል። በእጅህ ይዘህ ስታነሣ ከ1/500ኛ በታች አትውረድ። እኔ ብሆን 1/800ኛን እመርጣለሁ። በዚያው ማለዳ፣ በዚያው ብርሃን፣ አይኤስኦውን 800፣ ቀዳዳውን 8 አድርገህ ቢሆን ኖሮ ልክ 1/800ኛ ታገኝ ነበር።

አይኤስኦ ሲጨምር ፎቶው ላይ ብናኝ የመሰለ ነገር ይታያል ብለው ብዙዎች ይፈራሉ። ብናኙን በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል። በእንቅስቃሴ ብዥ ያለ ላባ ግን በምንም አይመለስም።

አያያዝህንም አስተካክል። ግራ እጅህ ከሌንሱ ሥር ገብቶ ክብደቱን ይሸከም፤ ክርኖችህ ከጎድንህ ጋር ይጣበቁ። ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አስወጥተህ፣ ሳትደነግጥ ተጫን። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ድጋፍ ነው። በጠንካራ ጨርቅ ከረጢት አንድ ኪሎ ሩዝ ሞልተህ አፉን ስፋው። የጀልባ ጠርዝ ወይም የድንጋይ አጥር ላይ አስቀምጠህ ሌንሱን አስተኛበት። ዋጋው ርካሽ ከሆነ ቀጭን ትራይፖድ እኔ ይህን ከረጢት አስቀድማለሁ፤ ቀጭኑ ትራይፖድ በሐይቁ ነፋስ ይርገበገባል።

ሁለተኛው ፎቶ ንስሩ ነው። ወፉ ደብዝዟል፤ ከኋላው ያለው ቄጤማ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ተለይቶ ይቆጠራል። ፎከሱ ያረፈው ቄጤማው ላይ ነው ማለት ነው። በ300 ሚሊ ሜትርና በ5.6 ቀዳዳ፣ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ቀዳዳው 8 ሲሆን ወደ ስንዝር ተኩል ያድጋል። ካሜራው የፎከስ ነጥቡን ራሱ እንዲመርጥ አትተውለት። የመሀሉን አንድ ነጥብ ብቻ ምረጥና ዐይኑ ላይ አሳርፍ።

ዐይኑ ላይ አሳርፈህም ካልጠራ አንድ ሙከራ አድርግ። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፍ፤ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አደላድለህ በሁለት ሰከንድ ማዘግያ ሦስቴ በመመልከቻው ቀዳዳ፣ ሦስቴ ደግሞ በኋላ ስክሪኑ እያየህ አንሣ። የስክሪኑ ከበለጠ ሌንሱ ጤነኛ ነው፤ የተዛባው በመመልከቻው በኩል የሚሠራው የፎከስ መለኪያ ነው። ለቆሙ ወፎች በስክሪኑ መሥራት ትችላለህ። እኔ ዘንድ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመጣን ሌንስ ሳልፈታ በፊት የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳልፈታው እመልሰዋለሁ።

የሌንሱ ድክመት የታየው ሦስተኛው ፎቶ ላይ ነው። የንስሩ ነጭ ራስ ከጥቁሩ ክንፍ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ሐምራዊ መስመር አለ፤ መላው ምስልም ስስ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ርካሽ ዙሞች ቀዳዳቸው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ርዝመታቸውም መጨረሻ ላይ ሲደርስ እንዲህ ናቸው። ቀዳዳውን 8 አድርገው። ከ11 አታሳልፈው፤ ከዚያ በላይ ሲጠብ ብርሃኑ ራሱ እየተበተነ ምስሉን ያለሰልሰዋል። ዙሙን ከ300 ወደ 250 መልሰህ ሁለት ሦስት እርምጃ ቅረብ። የአሞራ ገደል አባ ኮዳዎች ሰው ለምደዋል፤ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ ቆመው ያስነሡሃል። ከሌንሱ ፊት የተገጠመውን ርካሽ መከላከያ መስታወትም አውልቀው፤ ለጭጋጉ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱንም አስብበት። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከሞቀው መሬትና ከውሃው በላይ ያለው አየር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሩቅ ያለውን ነገር የትኛውም ውድ ሌንስ አያጠራውም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድረስ።

ይህን ሁሉ ሞክረህ አሁንም ካልረካህ፣ ለተመሳሳይ ካሜራ የተሠራውን መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያ ያለውን 55-250 ኤስቲኤም የተባለ ሌንስ ያገለገለ ፈልግ። በርዝመት 50 ሚሊ ሜትር ታጣለህ፣ በጥራት ግን ታተርፋለህ። መቆጣጠሪያው የእጅህን እንጂ የወፉን እንቅስቃሴ እንደማያስቆም አትርሳ። ከመክፈልህ በፊት የስልክህን መብራት በአንዱ ጫፍ እያበራህ በሌላኛው ተመልከት። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነውና አትግዛው። ከዚያም እዚያው ሱቁ በር ላይ ማዶ ያለውን የማስታወቂያ ጽሑፍ በ250 አንሥተህ፣ መሀሉንና አራቱን ማዕዘኖች አጉልተህ አወዳድር። አንዱ ማዕዘን ከሌሎቹ በጣም ከደበዘዘ በውስጡ ያሉት መስታወቶች ተዛብተዋልና መልስለት።